እሷ ናት የምትበላው

ሥራዬ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በቀን ከመቶ የማያንስ በር አንኳኳለሁ። "ቆጣሪ!" ብዬ ስጮህ መጀመሪያ ውሻው ይጮህብኛል፣ ቀጥሎ ባለቤቱ። የመብራት ታሪፍ ከተጨመረ ወዲህ ደግሞ ውሻው ይሻለኛል፤ ውሻ ቢያንስ የሦስት ወር ደረሰኝ ይዞ በር ላይ አይጠብቀኝም። ባለፈው አንዲት ሴትዮ ወረቀቷን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ "ይሄን ቁጥር እንዴት አስቻለህና ጻፍከው?" አለችኝ። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ቁጥር ከኪሴ አላወጣም።

እሷስ ታድላለች፣ የምትጮህበት ሰው አግኝታለች። እኔ ማን ላይ ልጩህ? የሰፈሬን ቆጣሪ የማነበው እኔው ነኝ። የራሴን ቤት ሂሳብ በራሴ እጅ ጽፌ፣ በራሴ እጅ ተቀብዬ፣ በራሴ ላይ ተናድጄ ልኖር ነው ማለት ነው። ይሄ ስላልሆነልኝ ቤተሰቤ ላይ ጮህኩ።

ቤታችን ሦስት ክፍል ናት። አንዱ የእኔና የባለቤቴ ነው። አንዱ ቀን ሳሎን፣ ማታ የልጄ መኝታ ነው። ሦስተኛው፣ ከወጥ ቤቱ ጋር በስስ ግድግዳ የሚለየው፣ የእናቴ ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ፣ በእንፋሎትና በሳሙና ዱቄት ሳንባዋን ጨርሳ አምና ወደ እኔ መጣች። አብሯት የኦክስጅን ማሽኑ መጣ። ቁመቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ጎማ አለው፣ ቀጭን ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ያርፋል። ማሽኑ ያለማቋረጥ እፍ፣ እፍ ይላል፣ እሷም በእሱ ትተነፍሳለች። ሐኪሙ ሲያስረክበን የተናገረው አጭር ነበር። "ቀንም ሌሊትም። ለመታጠብ ካልሆነ እንዳይጠፋ።"

ባለቤቴ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ነገርን መርምራ ካልጨረሰች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ቤት ውስጥ "ጠበቃዋ" እንላታለን። እኔን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ "ቆጣሪው" ይለኛል። ቆጣሪው መጣ፣ ቆጣሪው ሄደ። በዚያ ሰሞን ግን ስሙ ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ።

እግሬ አላርፍ አለ። እራት ጀምሬ እነሳለሁ፣ አምፖል አጠፋለሁ፣ ተመልሼ ቁጭ እላለሁ፣ ሳሎን የበራ ይመስለኝና ደግሞ እነሳለሁ። ሰው ያለበትን ክፍል ሳይቀር አጠፋለሁ። "ኧረ እኔ አለሁ!" ይላል አንድ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ። ካውያ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲሰካ ወሰንኩ፤ ባለቤቴ የተጨማደደ ጋዋን ለብሳ ሥራ ስትገባ ደንበኛዋ "ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት። የውሃ ማሞቂያውን ከነጭራሹ ነቀልኩት። ስልክ ቻርጅ ማድረግ በተራ ሆነ።

"የስልክ ቻርጅ እኮ ምንም አይበላም። አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ" አለች ጠበቃዋ።

"ምንም አይበላም አላልኩም። ትንሽ ነው የሚበላው ነው ያልኩት።"

"ታዲያ ለትንሽ ነገር ትልቅ ጭቅጭቅ ምን ይሠራል?"

የቆመችበትን ክፍል መብራት አጠፋሁባት።

በእኛ አፍ የማይበላ ነገር የለም። ካውያ ይበላል፣ ምድጃ ይበላል፣ ኮረኮንች ጫማ ይበላል፣ ወሬ ጊዜ ይበላል፣ ሰው ቃሉን ይበላል። በዚያ ወር እኔ የሚበላውን ስፈልግ ራሴ ቁጭ ብዬ የምበላበት ጊዜ አጣሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ስወጣ በር ላይ ያለውን ቆጣሪ አነባለሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሰላም ሳልል፣ ደግሜ አነባለሁ። ሁላችንም ወጥተን እናቴ ብቻ በምትውልበት ቤት፣ ቀኑን ብቻ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት! በሥራዬ ላይ ስድስት ምንም አይደለም። ደጄ ላይ ሳየው ግን መብራት ላጠፋ እሮጣለሁ።

ስድስቱ በየት በየት እንደሚሄድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ሰው የሚጣላው ከሚችለው ጋር ነው። እኔም ከፍሪጇ ጋር ተጣላሁ።

ፍሪጇን የገዛናት ስንጋባ ነው። የበሯ ጎማ ስለተቀደደ ባለቤቴ ወንበር ደግፋ ነው የምትዘጋት። ሞተሯ ሲነሳ ረጅም ታቃስታለች፣ ሲቆም ደግሞ ላይዋ ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ እስኪንጫጫ ትንቀጠቀጣለች። አንድ ሰኞ ከሥራ ገብቼ፣ የቀኑን ስድስት አንብቤ፣ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ቧንቧውን ከፍታ ዕቃ ታጥባለች። ፍሪጇ ታቃስታለች።

"እሷን ማስወጣት አለብን" አልኩ በአገጬ እያሳየኋት።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጆሮ ሥር እየሠራች ስለምትውል ድምፅዋ ከአንድ ክንድ አያልፍም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በአጥር ላይ ስለምጮህ፣ ቤት ስገባም ድምፄ ገና አጥር እየዘለለ ነው። ፍሪጇ ሌላ ምን አጠፋች ብላ ጠየቀችኝ።

"ጉዷን እያየሽ! አርጅታለች። ቀንና ሌሊት እያቃሰተች መብላት ነው። ይሄን ሁሉ የምንከፍለው ለማን ይመስልሻል? እሷ ናት የምትበላው!"

ባለቤቴ፣ ወተቱንስ፣ የተረፈውን ወጥስ የት እናስቀምጠው አለች።

"እሱን እናስብበታለን። መጀመሪያ የሚወስዳት ሰው ልፈልግ። የሚፈልጋት ከጠፋ አውጥቼ በር ላይ ነው የማስቀምጣት። ማን ይስቅብኛል? የማንም ቤት ያው ነው።"

ባለቤቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች እስከ ወሩ መጨረሻ እንድታገሥ ለመነችኝ። በዚህ ሙቀት ወተት ተበላሽቶ ልንከስር ነው አለች።

"እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልሸከማትም!"

ተናግሬ ቀለለኝ። ጥፋተኛው ታውቋል፣ ቀን ተቆርጦለታል። ያን ማታ እራቴን ሳልነሳ ጨረስኩ።

ማክሰኞ ማታ ቆጣሪውን ሳነብ የቀኑ አራት ሆነ። የተሳሳትኩ መስሎኝ በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ አየሁት፤ አራት ነው። ረቡዕ ሦስት ሆነ። ፍሪጇ ገና አልወጣችም፣ እዚያው ቆማ ታቃስታለች፤ ቁጥሩ ግን በግማሽ ወርዷል። በሩን በርግጄ "ሦስት!" እያልኩ ገባሁ። ባለቤቴን ሳምኳት። ጠበቃዋን ከነደብተሯ አንስቼ አሽከረከርኳት። "አያችሁ? ስጮህ ትስቃላችሁ። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው!" አልኩ።

እናቴ ሳሎን ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ነው፣ ማሽኑም ይሠራል።

"ደስ አለህ?" አለችኝ።

"እንዴት ደስ አይለኝ፣ እማ!"

ፈገግ አለች። ፈገግታዋን አየሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አላየሁም።

ደስታዬም ቢሆን እረፍት የለውም። በማግስቱ ያሰብኩት ሦስት ከሆነ ለምን ሁለት አይሆንም የሚለውን ነው። ቁጥሩ በሦስት ቆሞ ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ጀመረ። እናቴ ንግግር ቀነሰች። አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምራ መሐሉ ላይ ታርፋለች፣ እኛ ሌላ ወሬ እንጀምራለን። ከንፈሯ ጠቆር አለ። "ጉንፋን ነው" አለች። እራት ሲቀርብ ሁለቴ ቀምሳ እጇን ትሰበስባለች።

"ኧረ እማማ፣ ይብሉ እንጂ" ትላታለች ባለቤቴ።

"በቃኝ፣ የእኔ ልጅ። ሰው ቁጭ ብሎ እየዋለ ምን ይበላል?"

እኔ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጬ በልቤ ሦስትን በሠላሳ አባዛለሁ። አንድ ማታ እናቴ ጠበቃዋን፣ "እስኪ የእህቴን ስልክ ቁጥር ፈልጊልኝ" ስትላት ሰማሁ። እህት እህቷን ብትናፍቅ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። ዛሬ ሳስበው፣ በየግቢው እየዞረ የሰውን ቤት የሚያነብ ሰው የገዛ ቤቱን እንዲህ ማንበብ ሲያቅተው ያሳፍራል።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ። መስመሬ ላይ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ አሉ፤ በየወሩ በር ላይ ቆመው የሚሟገቱኝ፣ መነጽራቸውን ሰክተው ካላረጋገጡ የማይለቁኝ። ያን ቀን በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ቆጣሪውን አየሁት። ካለፈው ወር የጨመረው ጥቂት ነው፣ ምንም ማለት ይቻላል። ደስ አለኝ፣ የሙያ ጓደኛ ያገኘሁ ያህል።

"አባባ ጎበዝ ናቸው" አልኳት እየጻፍኩ። "ዘንድሮ እንዲህ የቆጠበ ቤት አላየሁም። እንኳን ደስ ያላቸው በይልኝ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። "አባባ ካረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው" አለች። "ቤቱ ዝግ ነው የከረመው። ዛሬ ዕቃ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

ይቅርታ አልኳት፣ ነፍስ ይማር አልኩ፣ ምን ምን እንዳልኩ አላውቅም። በሩን ዘግታ ገባች። እኔ ከአጥሩ ሥር ደብተሬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

የአንድ ቤት ቁጥር እንዲህ የሚወርደው በሦስት ነገር ነው፤ ማንኛውም ቆጣሪ አንባቢ ያውቀዋል። ወይ ቆጣሪው ተነካክቷል፣ ወይ ሰው መንገድ ሄዷል፣ ወይ ሰው ሞቷል። አባወራው ስለጮኸ ብቻ ከስድስት ወደ ሦስት የወረደ ቤት በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዬ አላጋጠመኝም። አምፖል አጥፍቶ፣ ካውያ ነቅሎ የሚገኘው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቢበዛ አንድ ነው። የቀረው ከየት መጣ? እዚያው ቆሜ ማስላት ጀመርኩ። ከጠዋቱ አንድ እስከ ማታ አሥራ ሁለት፣ የእናቴ ማሽን ብቻውን አራት ይበላል። ፍሪጇን ተዋት፣ ሌላውን ሁሉ ተወው፤ ማሽኑ ብቻ አራት ነው። የቤቱ ጠቅላላ ግን ሦስት ነው። አራት ሦስት ውስጥ አይገባም።

ቤት ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። የመንገዱን ግማሽ ሮጥኩት፣ ግማሹን በታክሲ ሄድኩ፤ ታክሲው ውስጥም መቀመጥ አቅቶኝ ጣሪያውን በራሴ እየገፋሁ ጎብጬ ቆሜ ነበር። ሹፌሩ "ወንድም፣ መቀመጫ አለ እኮ" አለኝ። "ይቅርብኝ፣ ንዳው ብቻ!" አልኩት።

በራችን ላይ ስደርስ የሠራሁትን ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይኸው። መጀመሪያ ቆጣሪውን አየሁ። እናቴ ውስጥ ናት፣ እኔ ቆሜ ቆጣሪ አያለሁ። በመስታወቱ ውስጥ የምትዞረው ቀጭን ብረት ከመዞር አትቆጠርም፣ እያዘገመች ነው። ያኔ ጥርጣሬዬ አለቀ።

ቤቱ ውስጥ ከፍሪጇ በቀር ድምፅ የለም። የእናቴን ክፍል በር ገፋሁት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ። ማሽኑ ጠፍቷል። ቱቦው ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ ድሮ የተኮሰችውን ሸሚዝ እንደምታጥፈው አድርጋ ነው ያጠፈችው። ከአልጋው ሥር ሻንጣዋ ተዘግቶ ቆሟል።

ማብሪያውን ተጫንኩት። ማሽኑ ጮኸና መተንፈስ ጀመረ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ ሰካሁት። ጣት ላይ የምትደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ከመሳቢያው አውጥቼ አደረግሁላት፤ ሰባ ስድስት። ሐኪሙ ከዘጠና እንዳይወርድ ብሎን ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሁለት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲጨምር የለመንኩት ቁጥር ይሄ ብቻ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታጠፊው?" አልኳት።

"ከዚያ ሰኞ... ወዲህ። እናንተ ስትወጡ አጠፋዋለሁ። የልጅቷን ኮቴ ስሰማ... አበራዋለሁ።"

"ለምን? እማ፣ ለምን?"

"ትበላለች አልክ።"

"ማን ናት የምትበላው?"

"ማን ትሆናለች?" አለችኝ። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። "ግድግዳው ስስ ነው፣ የአንተ ድምፅ ወፍራም ነው። አርጅታለች አልክ። ታቃስታለች አልክ። የሚወስዳት ካጣሁ... በር ላይ አስቀምጣታለሁ አልክ። እስከ ወሩ መጨረሻ አልክ። እህቴን አነጋግሬያታለሁ፣ እሑድ መጥታ ትወስደኛለች። እስከዚያው ብዙ እንዳልበላባችሁ ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባኝም። ከዚያ ወጥ ቤቱ፣ ቧንቧው፣ የእኔ አፍ፣ አንድ በአንድ መጡብኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

"ፍሪጇን ነው! እማ፣ ፍሪጇን ነው ያልኩት!"

"ፍሪጅ ያቃስታል?"

ያን ጊዜ ግድግዳው ማዶ የፍሪጇ ሞተር ተነሳ። እንዲህ ያለ ማቃሰት አቃስታ አታውቅም። እናቴ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች። ሊያስቃት ምንም አልቀረውም፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ተው፣ ለእኔ ብለህ በዕቃ አታሳብ" አለች። "እኔ እኮ አልተቀየምኩህም።"

አልተቀየምኩህም ማለቷ አንጀቴን በላው። ምን ብዬ ላስረዳት? ምስክር የለኝም፣ ባለቤቴ ሥራ ናት። የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ። ዓርብ ትምህርት ግማሽ ቀን ነው፣ ጠበቃዋ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔን ወለል ላይ፣ አያቷን በዚያ ፊት ስታይ ደነገጠች።

"ነይ እስኪ" አለቻት እናቴ። "እውነቱን ትነግሪኛለሽ። አባትሽ ፍሪጇን ምን ብሎ ነው የሚጠራት?"

"እሷ ነው የሚላት" አለች ልጄ ወዲያው። "ዕቃን ሁሉ እሷ ነው የሚለው። ካውያዋን፣ መሰላሏን፣ ቦርሳዋን። እኔን ደግሞ አንተ ይለኛል።"

"እኔንስ?"

"አንቺንም እሷ ነው የሚለው፣ እናቱ ስለሆንሽ። እማዬ ናት እሳቸው የምትልሽ።" ቆም ብላ አሰበች። ነገሩ እየገባት እንደሆነ ከዐይኗ አየሁ። "አያቴ፣ ያን ቀን እማዬ ምን ስትል ሰማሽ? እሷ አለች ወይስ እሳቸው አለች?"

"እናትሽን ማን ይሰማታል? ድምፅ የላት።"

"አየሽ!" አለች ጠበቃዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ እየጣለች። "ግማሹን ክርክር ሰምተሽ ነው የፈረድሽው!"

እናቴ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና አጎንብሳ ሳለች፤ ጀርባዋን ደገፍኳት፣ ልጄ ውሃ አመጣች። መለኪያው ሰማንያ ስምንት ይላል። የዳንኩ መሰለኝ። እኔም መሳቅ ጀመርኩ፣ በእፎይታ ሳቅ፣ ዐይኔ እንባ እስኪያቀርር።

እሷ ግን አፏን ጠርጋ ቀና ስትል ሳቋን ጨርሳ ነበር።

"ደህና፣ ፍሪጇን ይሁን" አለች። "እኔ ስጠፋ ግን ቁጥሩ ወረደ።"

"ማሽኑ ሲጠፋ ማለትሽ ነው።"

"ያው ነው። ሦስት! እያልክ ስትገባ አየሁህ። ልጅህን ተሸክመህ ስትዞር አየሁህ። ከመጣሁ ጀምሮ... እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ሁለተኛው ቀን ላይ እኮ ከብዶኝ ልተወው ነበር። ሳቅህን ሳይ ጊዜ ቀጠልኩ።"

እንባዬን ደበቅኩ ብል ማን ያምነኛል? ልጄ ፊት አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መሳሳቷ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ያስለቀሰኝ አለመሳሳቷ ነው። ማሽኑ ከፍሪጇ ሦስት እጥፍ ይበላል። ይህን ዛሬ አልደረስኩበትም፣ ካመጣነው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ጠዋት፣ ታሪፉ በተጨመረ ሰሞን፣ ቆጣሪው ፊት ቆሜ ሁለቱን አስልቻቸዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቶሎ ብዬ ሐሳቡን ዘጋሁትና ወጥ ቤት ገብቼ ፍሪጇን ጠላሁ። ቢሆንም አስልቻለሁ። እናቴን አስልቻለሁ። ግድግዳው ማዶ ሆና የሰማችው ያላልኩትን ነው፣ ግን ያላሰብኩትን አይደለም።

የማስበው ፊቴ ላይ የታየ መሰለኝ፤ እናቴ እጄን ያዘች። ሠላሳ ዓመት ካውያ የያዘው መዳፏ ዛሬም ደረቅና ሻካራ ነው።

"አንተ በቁጥር አትቀልድም" አለች። "እንግዲህ ንገረኝ። ማን ናት የበለጠ የምትበላው? እሷ ናት እኔ ነኝ?"

"እሷ ናት" አልኩ።

"በስንት?"

"በሦስት እጥፍ።"

ጠበቃዋ አፏን ከፈተች። ታውቃለች። የሳይንስ የቤት ሥራ ሲሰጣት የቤታችንን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አብረን ለክተናል፤ በደብተሯ የጻፈችው እሷ ናት። አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ልጄ፣ ከእኔ ጋር በስልክ ቻርጅ ሳይቀር የምትከራከረው ልጄ፣ አፏን ቀስ ብላ ገጠመችና አያቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ንቀላታ" አለች እናቴ።

ወጥ ቤት ሄድኩ። ወተቱን አወጣሁ፣ ድስቱን አወጣሁ፣ ወንበሩን ከበሯ አነሳሁ፣ ሶኬቷን ነቀልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች። የቀረው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው። ቤቱን ሞላው። ከመጣ ጀምሮ ያንን ድምፅ ሳልቆጥር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስመለስ እናቴ ትራስ ላይ ጋደም ብላለች። ከንፈሯ ቀለም መያዝ ጀምሯል። መለኪያው ዘጠና አንድ ይላል። መለኪያውን ትታ ፊቴን አየች።

"ውሸት አትችልም" አለች። "በልጅነትህም አትችልም ነበር።"

ትራሷን ከፍ አደረግሁላት።

ቱቦውን በሁለት ጣቷ ይዛ አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች፣ ከጆሮዋ ኋላም ጠበቅ አደረገችው።

"በል ወደ ሥራህ ሂድ" አለች። "እኔ አልጠፋም።"